ደብርና አጸዱን ለፊልም፦ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለሚወጣ የቀረጻ ቡድን

ታሪካዊ ፊልም ልትሠሩ ተነሥታችኋል እንበል። በድርሰቱ ውስጥ ራስ እገሌ ከአዳራሻቸው ይወጣሉ፤ ወይዘሮዋ ከእልፍኝ ሆና ታያቸዋለች፤ ግቢው በጥድና በወይራ የተከበበ ነው። ፋሲል ግቢ በብዙ ፊልምና በብዙ የሠርግ ቪዲዮ ስለታየ ሌላ ቦታ አማራችሁ፤ ዓይናችሁም ከጉና ወዲያ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ አረፈ። ምርጫው ጥሩ ነው። መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ግን ይህን ያዙ፦ የራስ እገሌን ቤት እንዳለ ቆሞ አገኘዋለሁ ብላችሁ አትውጡ።

የበጌምድር መኳንንት ቤት በአብዛኛው እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነበር። ባለቤቱ ሲሻር ወይም ሲሞት ቤቱ ይፈርሳል፤ እንጨቱ ለሌላ ሥራ ይውላል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ በጋይንትና በጨጨሆ አድርገው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለዋት ነው የወጡት። የጎንደር ነገሥታት የድንጋይ ግንብ የተለየ ነገር ነው፤ በየወረዳው አይጠበቅም። እዚህ አገር አርጅቶ የሚቆየው ደብሩ ነው፤ ከደብሩ ጋር ደግሞ በዙሪያው ያለው ደን፣ አጸዱ። ስለዚህ ምክሬ በዋናነት ስለ ሁለቱ ነው። የመኳንንቱን ቤት ከየት እንደምታመጡት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ያለ ካሜራ ሂዱ

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ጉናን በቀኝ እያሳየ ወደ ነፋስ መውጫ ያወጣችኋል። የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስና የስማዳው ወገዳ ግን ከዚህ መንገድ ውጭ ናቸው፤ ለእነሱ የተለየ ቀን መድቡ። በመጀመሪያው ጉዞ ዳይሬክተሩ፣ የካሜራ ባለሙያውና የፕሮዳክሽን ኃላፊው ብቻ ይሂዱ። ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። ስልክ እንኳ ከኪስ ባይወጣ ይመረጣል፤ ሰው ከካሜራችሁ በፊት እናንተን ይወቃችሁ።

የምትሄዱበት አገር ለዜማ ሰው ትልቅ አገር ነው። ጋይንት ውስጥ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ከየሀገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ ለመመስከር የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ዙር አባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ቆማ ስሙን ለአንድ የዜማ ስልት ሰጥቷል። ይህን የምላችሁ ለድርሰታችሁ ጌጥ እንዲሆን አይደለም። እነዚህ ቦታዎች የሚሠሩ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የኔታ ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ፣ ተማሪው በጎጆው ያድራል፣ ሌሊት ይቀጽላል። ባዶ ቤት አይደለም የምትከራዩት። የደብሩ ሰዓት ከእናንተ በፊት ተይዟል፤ የእናንተ ሥራ በዚያ ሰዓት መካከል ክፍተት መፈለግ ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህች ነገር የሚወጣ ነው።

ስትጎበኙ በውጭው መልክ ብቻ አትፍረዱ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቤተልሔም የደረሰው ጸሐፊ ቶማስ ፓከናም ከውጭ ያየው እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበር። ከክዳኑ ሥር ግን ማዕዘን ያለው፣ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ፣ ከክቡ እጅግ የሚቀድም ሕንጻ ቆሞ አገኘ፤ ይህንንም ‹ዘ ማውንቴንስ ኦቭ ራሰላስ› በተባለው መጽሐፉ ጽፎታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቄሰ ገበዙን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ የትኛው ግድግዳ አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለመቅረጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆናችሁ ውጭው፣ ደጀ ሰላሙና አጸዱ ነው። ቅኔ ማኅሌቱን ቢፈቅዱላችሁ እንኳ ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁ። መቅደስ ለፊልም አይጠየቅም።

ፈቃድ በሁለት በር ይገባል

አንደኛው በር የቤተ ክህነት ነው። ደብረ ታቦር ካለው የደቡብ ጎንደር ሀገረ ስብከት ደብዳቤ ታወጣላችሁ፤ ደብዳቤው ወደ ወረዳው ቤተ ክህነት ይመራል፤ ከዚያ ወደ አጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይወርዳል። ሁለተኛው የመንግሥት ነው፦ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የዞኑ መምሪያ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት። ቦታው የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ጉዳይም ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን መጠገንም ሆነ ከቦታው ማንቀሳቀስ የባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ‹‹ያችን በር ለአንድ ሾት ነቅለን እንመልሳት›› የሚል የአርት ክፍል ባለሙያ ካላችሁ ይህን ቀድማችሁ ንገሩት።

ማኅተም ያለው ደብዳቤ በር ያስከፍታል፤ ሰው ግን አያስወድድም። አጥቢያው ስትደርሱ ደብዳቤውን ከመዘርጋታችሁ በፊት ተሳለሙ፣ አለቃውን ወይም አስተዳዳሪውን ጠይቁ፣ ደጀ ሰላም ቁጭ በሉ። የሚቀርብላችሁን ጠላ ወይም ቆሎ ‹‹ቸኩለናል›› ብላችሁ አትለፉ። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሜራው አይነት አይጠይቋችሁም። የሚጠይቁት እንዲህ ነው፦ ‹‹ታሪኩ የማን ነው? ማን ነው ክፉው? እዚህ ደጅ ላይ ሰው ይገደላል?›› ለዚህ መልስ ይዛችሁ ሂዱ። ድርሰቱን በሁለት ገጽ አማርኛ አሳጥራችሁ ጻፉና አንብቡላቸው፤ ደጀ ሰላሙ ላይ የሚደረግ የፍቅር ትዕይንት ካለ አትደብቁ። በኋላ ከሚሰሙት አሁን እምቢ ቢሏችሁ ይሻላል፤ ትዕይንቱን አምስት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ሜዳ ላይ መሥራት ይቻላል።

አነጋገር ላይም ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ላይ የለመደብን ‹‹ፋዘር›› እዚህ አይሠራም። የኔታ የኔታ ናቸው፣ መሪጌታም መሪጌታ፤ ካህኑ ‹‹አባ›› ወይም ‹‹ቄስ›› ይባላሉ፤ ሁሉም በአንቱታ። በዕድሜ ከእናንተ የሚያንስ ቄስ ቢሆንም እንኳ።

የቀን መቁጠሪያውን ከቄሰ ገበዙ ጋር ዘርጉ

አብዛኛው ቡድን ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የቀረጻ ሰሌዳችሁን አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ጨርሳችሁ አትምጡ። ወሩን በወረቀት ዘርግታችሁ ከቄሰ ገበዙ ጋር ቀን በቀን እለፉት። የደብሩ ወርኃዊ በዓል የትኛው ነው? ከእሱ ሌላ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ አሉ፤ የአካባቢው ሰው እርፍ የማይጨብጥበትን ቀን እናንተም አትቅረጹበት። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴ ጠዋት ነው። በጾም ቀን ግን ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ይገባና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም ጠዋቱ የእናንተ፣ ከሰዓት የእነሱ ነው። በበዓለ ሃምሳ ይገለበጣል፤ ጾም ስለሌለ ረቡዕና ዓርብም ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላው ሁሉ ክፍት ነው። ለእኔ ግቢው ውስጥ ለሚሠራ ረጅም ትዕይንት ከበዓለ ሃምሳ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚሻል የለም፤ ወደ ግንቦት መጨረሻ ግን ደመናው መጫን ይጀምራል።

ለመልክ ከሆነ ጊዜው ሌላ ነው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት አገሩ አረንጓዴና ቢጫ ነው፤ አየሩ ታጥቦ እሩቁ አምባ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህ ወቅት ግን በከፊል ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ቅዳሜ ማታ ማኅሌተ ጽጌ ተቁሞ ያድራል። እሑድ ጠዋት መሪጌታውን ለቃለ መጠይቅ መጥራት ነውር ነው፤ ሌሊቱን በእግራቸው ነው የቆሙት። ኅዳርና ታኅሣሥ ገብሱ ደርሶ መሬቱ ወርቅ ይመስላል፤ ሰው ግን አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ አጃቢ ተዋናይ አታገኙም። ብታገኙም ከአውድማ ያስቀራችሁትን ሰው አስቡት።

ከሰሌዳ ውጭ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ቀብር። ግቢው መካነ መቃብርም ነው። የሬሳ ዜና ሲሰማ ካሜራው ይወርዳል፣ ጄነሬተሩ ይጠፋል፣ ቡድኑ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቀስተኛ ይሆናል። ለዚህ በሰሌዳው ላይ ቢያንስ ሁለት ባዶ ቀን ተዉ።

ፀሐይ፣ ነፋስና ብርድ

ይህ አገር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። ቀኑ በክረምትም በበጋም ብዙ አይለያይም። ፀሐይዋም ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ አውሮፓ የተቀረጹ የትምህርት ቪዲዮዎች ላይ የምታዩት የተንዘላዘለ የማለዳ ብርሃን እዚህ ቶሎ ያልፋል። ዋናውን ሾት ሳይነጋ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትቆማለች፤ የተዋናዩ ዓይን በቅንድቡ ጥላ ውስጥ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት ወደ አጸዱ ግቡ፤ የጥድና የወይራው ጥላ ሥራችሁን ያቀልላችኋል። ፊት ለማብራት ሪፍሌክተር ወይም ዘርጋ ያለ ነጭ አቡጀዲ ይበቃል።

ነፋስ መውጫ አካባቢ ከፍታው 3 ሺህ ሜትር ይነካል፤ ጉና ራሱ ከ4 ሺህ ይበልጣል። ሌሊቱ ባትሪ ይበላል፤ ባትሪዎቹን ጋቢ ውስጥ ጠቅልላችሁ አሳድሩ። ለድምፅ ባለሙያ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባድ ነው፤ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ጠዋት ጨርሱ። ወደ በሽሎ ወንዝ ቆላ ከወረዳችሁ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ ውሃ በብዛት ጫኑ።

በፍሬሙ ውስጥ ምን መኖር የለበትም

ቦታው አሮጌ ስለሆነ ብቻ ፍሬሙ አሮጌ አይሆንም። ዋናው ጠላታችሁ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ገደማ አዲስ አበባ የገባ ዛፍ ነው፤ የቴዎድሮስ ወታደር ከጀርባው የባሕር ዛፍ ረድፍ ካለ ፊልሙ እዚያው ላይ ይሰበራል። ዛሬ ደግሞ ባሕር ዛፍ የሌለበት ኮረብታ ማግኘት ጭንቅ ነው። መፍትሔው አጸዱ ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ለዓመታት ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳሳዩት፣ በዙሪያው ሁሉ የተመነጠረው የጥንቱ ደን ዛሬ የቀረው በአብዛኛው በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ነው፦ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝቅ ሲል ዋንዛና ሾላ። ካሜራችሁን ጀርባውን ለእርሻው፣ ፊቱን ለአጸዱ አድርጋችሁ ብትተክሉ የ18ኛው ክፍለ ዘመን በጌምድር ሳይቸገር ይገኛል።

ሌላው ቆርቆሮ ነው። ብዙ አጥቢያ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ቀይሯል፤ በሣር አድሱልን ማለት ለእናንተ ፊልም ሲሉ ዝናብ ይፍሰስባቸው ማለት ነው፤ አትጠይቁ። ከቅርንጫፍ ሥር ቅረጹ፣ ወይም ክዳኑ የማይታይበትን ማዕዘን ፈልጉ። ከዚያ በኋላ በዓይን የሚያመልጡት ትንንሾቹ ይቀራሉ፦ ቢጫ ጀሪካን፣ የኮንጎ ጫማ፣ የመብራት ምሰሶ፣ እሾሃማ ሽቦ፣ በፋብሪካ የተሸመነ ፎጣ፣ የአጃቢው የእጅ ሰዓት። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ይህን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ልብስ ስታዘጋጁ ከአካባቢው ሴቶች ጋር ተማከሩ፤ የኩታ አጣጣልና የነጠላ አለባበስ ከትዕይንቱ ጋር ካልሄደ ጋይንት ላይ የሚያየው ሰው ይስቅባችኋል።

አጸዱ ውስጥ ቅርንጫፍ አይቆረጥም። ሾት ይዘጋል ብላችሁ አንዲት ቀንበጥ ብትሰብሩ ፈቃዱ በዚያው ያበቃል፤ ልክም ነው። በገመድ ሳብ አድርጎ መያዝ ይቻላል፤ እሱንም ጠይቃችሁ።

እሳትና ሥዕል

ጄነሬተር ከቅጽሩ ውጭ፣ ነፋሱ ጢሱን ወደ ሌላ በሚወስድበት በኩል ይቆም። ገመዱ ረጅምና ያልተቀጠለ ይሁን። የሣር ክዳን ባለበት ሲጋራ፣ ችቦና የጢስ ማሽን ቦታ የላቸውም፤ ችቦ ያለበትን ትዕይንት ውጭ ሜዳ ላይ ሥሩት። አጠገባችሁ ውሃ የተሞላ በርሜልና የእሳት ማጥፊያ ይኑር። የድሮው ሥዕል አብዛኛው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው የተሣለው፤ ሙቀት ያላቅቀዋል። የሚያግል መብራት አታስገቡ፤ ኤልኢዲ ተጠቀሙ፣ እሱንም ራቅ አድርጉ። ፍላሽ የለም። ሚስማር የለም። ፕላስተር ግድግዳ ላይ የለም።

የራስ እገሌ ቤት

አሁን ወደ አዳራሹ። ምክሬ አጭር ነው፤ ሥሩት። በአካባቢው ምሰሶ የሚተክል፣ ማገር የሚያስር፣ ክዳን የሚከድን ባለሙያ አለ፤ ከፍ ባለው ደጋ ለክዳን ጓሳ አለ። ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከሚመጣ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ይረክሳል፤ በካሜራም ይበልጣል። ቦታውን ከአጨዳ በኋላ፣ ከእርሻ በፊት ባለው ጊዜ ከአንድ ገበሬ ተከራዩ። ውሉ ላይ ማሳው ለዘር የሚመለስበት ቀን ይጻፍ፤ ካለፈ የጠፋው ምርት በምን ዋጋ እንደሚካስም ይጻፍ። እንጨቱን ከገበያ ግዙ፤ ከአጸዱ አይደለም። ሲያልቅ አታፍርሱት፤ ባለመሬቱ ከፈለገ ይሁንለት፣ ጎተራም በረትም ይሆነዋል። አዳራሹንና አጸዱን በአንድ ሾት የግድ ማገናኘት ካለባችሁ ቤቱን የደብሩ ጥድ ከጀርባ በሚታይበት ተረተር ላይ ትከሉት።

ጠመንጃ፣ ድሮንና መንገድ

ይህን ክፍል የሚዘል ቡድን አይውጣ። የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉን ሌላ ግጭት አውኮታል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ቢሮ ሳይሆን በየቀኑ የሚመላለሰውን ሹፌር ጠይቁ፤ መንገድ ተዘጋ ከተባለ ቀረጻው ይቅር እንጂ አትሞክሩት። በፊልም ውስጥ ጠመንጃ ካለ ከእንጨት የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፖሊስ ያዙ፤ በመኪናም ተሸፍኖ ይጫን። ውጊያ ለመቅረጽ ካሰባችሁ ቀበሌው በዋዜማው በአዋጅ ይንገር። ትዕይንቱ የ1860 ቢሆንም ሲጮህ የሚሰማው ሰው የሚያስታውሰው የራሱን ነው፤ ሴቶችና ልጆች በድንጋጤ እንዲሮጡ ምክንያት መሆን የለባችሁም።

ድሮን ለመጠቀም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ ማውጣት ይኖርባችኋል። ብታገኙም እዚህ አገር ባታበሩት እመርጣለሁ። አሁን ሰማይ ላይ ድምፅ መስማት ለገበሬው የፊልም ነገር አይደለም። ደግሞም አያስፈልጋችሁም፤ ጨጨሆ ገደል ጫፍ ወይም ዙር አባ አምባ ላይ ረጅም ሌንስ ተክላችሁ ወደ ታች ብትመለከቱ ድሮን የሚሰጣችሁን ታገኛላችሁ።

ገንዘብ፣ ውልና ስም

እንግሊዝ አገር ‹ዳውንተን አቢ› የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የተቀረጸበት የሃይክሌር ካስል ባለቤቶች ከድራማውና ድራማው ካመጣው ጎብኚ ያገኙትን ለቤቱ ጥገና አውለውታል። እዚህም ክፍያው ለቦታው መመለስ አለበት። ገንዘብ ለግለሰብ በእጅ አትስጡ፤ ለሰበካ ጉባኤው በደረሰኝ ክፈሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደጎደለ ጠይቁ። አንዳንዱ ደብር ገንዘቡን ከምትሰጡት ይልቅ ከብት አጸዱ እንዳይገባ የድንጋይ አጥር ብታሠሩለት ይወዳል፤ በደቡብ ጎንደር ብዙ አጥቢያዎች እንዲህ ያለ አጥር ደናቸውን እንዳዳነላቸው አይተዋል።

ውሉ በአማርኛ ይጻፍ፣ በሦስት ቅጂ ይሁን፦ አንዱ ለደብሩ፣ አንዱ ለወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱ ለእናንተ። የሚቀረጽበት ቦታና ሰዓት፣ የሚከለከለው፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ ይካተት። በተለይ የዜማውን ጉዳይ ለይታችሁ ጻፉ። መሪጌታው ለአንድ ትዕይንት ያዜሙትን ቀርጻችሁ በሌላ ፊልም የመጠጥ ቤት ትዕይንት ላይ እንዳትለጥፉት አንድ መስመር ይበቃል፤ ያቺ መስመር ከሌለች አንድ ቀን አንድ ሰው ይለጥፈዋል። ተማሪዎቹን ለመቅረጽ የኔታን ጠይቁ፤ ሕፃን ከሆነ ወላጁንም። ተማሪው ቁራሽ ሲለምን የሚታይበትን ትዕይንት የምትቀርጹት ለመሳለቅ ከሆነ ተዉት።

አጃቢ ተዋናዮችን በየቀኑ፣ ምሽት ላይ፣ ስማቸውን እያስፈረማችሁ ክፈሉ። ‹‹በመጨረሻ እንሰጣችኋለን›› የሚል ነገር አይኑር። ምሳ ስታዘጋጁ ረቡዕና ዓርብ የጾም መሆኑን ወጥ ቤቱ ይወቅ።

ቀረጻው ሲያልቅ ግቢውን ከቄሰ ገበዙ ጋር ዙሩና የተነሣ ድንጋይ፣ የቀረ ገመድ፣ የወደቀ የባትሪ ልጣጭ ካለ አንሡ፤ ግቢውን እንደነበረ መመለሳችሁን የሚያረጋግጥ ፊርማ ተቀበሉ። ፊልሙ ሲጠናቀቅ ቅጂውን በፍላሽ አድርጋችሁ ለሰበካ ጉባኤው አድርሱ፤ ከተቻለ በፕሮጀክተር ወረዳው ከተማ ላይ አሳዩ። በፊልሙ መጨረሻ የሚወጣውን የደብሩን ስም፣ የታቦቱን ስያሜና የወረዳውን አጻጻፍ ግን ከማተማችሁ በፊት ለአለቃው ልካችሁ በእጃቸው አስተካክለው እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ።